የትርንጎ ወላጅ ጃንጥላ

በሕይወቴ እምላለሁ፤ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ብትገኝ የነገዋን ጀምበር አልያት። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ለመዋሸት የሚሆን ትንፋሽ ከየት ይመጣል? ቁጭ በሉና ስሙኝ። ስጨርስ የምጠይቃችሁ ነገር አለ፤ እኔ መልሱን ስፈልግ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

በአንድ ወቅት፣ ሰንበሌጥ ሜዳ በምትባል ከተማ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ። እኔ የበሩ ጥበቃ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ከመጨናነቁ የተነሣ በአንድ ክፍል መቶ ስድሳ ተማሪ ይማር ነበር። ከኋላ ለተቀመጡት የመምህሩ ድምፅ የሚደርሳቸው በማግስቱ ነው፤ መምህሩ ሰኞ የቀለደውን ማክሰኞ ሲስቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በአንድ ዴስክ አምስት ሆነው ስለሚቀመጡ፣ መሃል ያለው ካስነጠሰው ዳር ያሉት ሁለቱ መሬት ናቸው።

በዚህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተሩ አቶ ሰጥአርገው ያስጀመሩት አንድ ልማድ ነበር። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ፣ በወላጆች በዓል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከሁሉም አንደኛ ሆኖ ለጨረሰ ተማሪ መዝገበ ቃላት ይሰጣል። ለወላጁ ደግሞ ጃንጥላ። ጃንጥላ ስላችሁ ነፋስ ሲነካው የሚገለበጠውን የዛሬውን እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ነው፣ እጀታው የወይራ እንጨት ነው፣ ሲከፈት ሦስት ቤተሰብ ከነላማቸው ያስጠልላል።

«ተማሪው ልፋቱን ካርዱ ላይ ያየዋል» ይሉ ነበር አቶ ሰጥአርገው። «ወላጁስ የቱ ላይ ይየው?»

ያንን ጃንጥላ የተሸለመ ሰው ሰማዩ ጥርት ባለ ቀንም ዘርግቶት ነው በገበያ የሚያልፈው። ሰዉም ከተቀመጠበት ይነሣለታል።

ታዲያ በአንዱ ዓመት አንዲት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ሙሉ ስሟ ትርንጎ ደምለው ነው። ይህን ስም ያዙልኝ።

ከትምህርት ቤቱ በር ሃያ እርምጃ ርቆ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ አንድ ጫማ ሰፊ ይቀመጥ ነበር። ስሙን የሚያውቅ የለም። በማስቲሽ ስለሚያጣብቅ ተማሪው ሁሉ ጋሽ ማስቲሽ ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው። ማስቲሹ እንዴት ያለ መሰላችሁ፤ አንድ ጊዜ ባልና ሚስት አጠገቡ ቆመው ሲጨቃጨቁ ጠብ ብሎባቸው እስከ ዛሬ አልተፋቱም። ሽታውም እንደ ጉልበቱ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች በአጠገቡ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እየቆየ ልማድ ሆነና፣ ጣሳው ተከድኖ በዋለበት ቀን እንኳ መያዛቸውን አልተዉም።

ትርንጎ በመጀመሪያ ቀኗ ከአዲሶቹ ጓደኞቿ ጋር በዚያ አለፈች። ጓደኞቿ አፍንጫቸውን ያዙ። እሷም ያዘች።

ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ አያትና ወስፌውን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ። አባቷ ነበር።

ይህን ያን ጊዜ አላወቅሁም። ቆይቶ ነው ራሱ የነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ቀድሟት ይወጣል፤ ወደ ቤትም በሌላ መንገድ ይመለሳል። እሷ በሩ ላይ ስትደርስ ፊቱን ጫማው ውስጥ ሊከት ምንም አይቀረው። ቤት ሲገናኙ ራት ታቀርብለታለች፣ የተቀደደ ቦርሳዋን ይሰፋላታል፣ ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አንሥቶባት አያውቅም። እሷም አላነሣችም። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን ካለፈው በየትኛው አፍ ይነሣል?

በዚያው ዓመት ትርንጎ ሦስት ቀን በተከታታይ አረፈደች። «ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም» ተባለች። ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ደብተሯን ታቅፋ ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች። እሱም የያዘውን ጫማ አስቀመጠ፣ እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ ግማሽ ተነሣ። አርፋጁ ሁሉ በሩ ላይ ተኮልኩሎ ያያል።

ልጅቷ ዞር አለች። ከመንገዱ ማዶ አንድ ድንጋይ ላይ አቶ ሸዋንግዛው የሚባሉ ጡረተኛ ጋዜጣ ያነባሉ። ያላቸው አንድ ሙሉ ልብስ ነው፤ የሱሪው ተኩስ ግን ሽንኩርት ይከትፋል። ኮፍያ፣ ከረባት፣ የደረት ኪስ መሐረብ፣ ምኑ ቅጡ። መንገዱን ተሻግራ ሄደች።

«ጋሼ፣ ለአምስት ደቂቃ አባቴ ይሁኑልኝ።»

ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ምን አጥፍተሽ ነው?»

«አርፍጄ።»

«ለማርፈድ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስሜ ማን ነው?»

«ደምለው።»

«ደህና ስም ነው» አሉና ከረባታቸውን አስተካከሉ።

በሩን ከፈትኩላቸው። ሰውዬውን አውቃቸዋለሁ፤ ወልደው እንደማያውቁም አውቃለሁ። እያወቅሁ ከፈትኩ፣ ደግሞም ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዘወር ስል ጫማ ሰፊው ተመልሶ ቁጭ ብሎ ጫማውን ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። ጫማው የዳይሬክተሩ ነበር።

አምስቱ ደቂቃ አራት ዓመት ሆነች። አቶ ሸዋንግዛው መጀመሪያ ሲጠሩ ብቻ ይመጡ ነበር፤ በኋላ ሳይጠሩም ይመጡ ጀመር። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር ከሰብሳቢው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። አሥረኛ ክፍል ላይ ልጅቷ ፊዚክስ ሠላሳ አንድ አመጣች። እሳቸው መምህሩን ለምነው ሁለት ሳምንት ከኋላ ተቀምጠው ተማሩ፣ ተፈተኑም፤ ሃያ ዘጠኝ አገኙ። «ይኸው በልጠሽኛል፤ አሁን መምህሩን ብለጪ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ከዘጠና ወርዳ አታውቅም። አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ደግሞ ስሟ ከተፈጥሮ ሳይንስ ዝርዝር ውስጥ ተዘለለ። አቶ ሸዋንግዛው ከጧት እስከ ማታ ቢሮው ውስጥ ቆመው ዋሉ። «ይቀመጡ» ቢሏቸው አልቀመጥም አሉ። «የልጄ ስም ቦታው ሲቀመጥ እኔም እቀመጣለሁ።» ልጄ ሲሉ አየኋቸው፤ ውሸት መሆኑን የረሱት ይመስሉ ነበር።

አቶ ሰጥአርገው ጫማቸውን ለማሰፋት አጥሩ ስር ሲቆሙ ይህንኑ ያወራሉ። «አንዲት ጎበዝ ተማሪ አለችኝ። አባቷን ብታየው! እንዲህ ያለ ወላጅ ቢበዛልን።»

«ያብዛልዎ» ይላል ጫማ ሰፊው፣ ሶሉን በመዶሻ እየመታ።

ከሁለቱ አባቶች ሌላ በዚህ ነገር ውስጥ ሦስተኛዋ ሰው ይታይሽ ናት፤ የትርንጎ ታላቅ እህት፣ በሁለት ዓመት። እናታቸው የሞተችው ይታይሽ ስምንተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ በጨረሰችበት ክረምት ነው። ቤቱ ሰው ይፈልጋል፤ አባትየው ከሁለቱ አንዷን «አንቺ ቅሪ» ማለት አቃተው። የምዝገባው ቀን ሲደርስ ይታይሽ ለዘጠነኛ ክፍል የተሰፋላትን ዩኒፎርም አጠበች፣ ተኮሰች፣ ከግርጌው ሁለት ጣት አጠፈችና እህቷ አልጋ ላይ አስቀመጠችው። «ለኔ ጠቦኛል፤ ሲደርስልሽ ትለብሺዋለሽ» አለች። አልጠበባትም።

ትርንጎ ከትምህርት ስትመለስ ይታይሽ ደብተሯን ተቀብላ ታነባለች፣ ታስጠናለች፣ ትጠይቃለች። ሒሳቡን በከሰል ግድግዳ ላይ ትሠራዋለች። ያ ግድግዳ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተጽፎበት፣ የሰፈሩ ተማሪ የቤት ሥራ ለመቅዳት በመስኮት በኩል ተራ ይይዝ ነበር፤ እኔው ራሴ ሁለት ጊዜ ሰልፍ አስከብሬያለሁ። የሐሰተኛውን አባት ነገር የሰማች ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«አባዬ አይቷል?»

«አጠገቡ ነበርኩ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ወር አላናገረቻትም። ማስጠናቱን ግን አልተወችም፤ ጥያቄውን ለግድግዳው ትጠይቃለች፣ ትርንጎም ለግድግዳው ትመልሳለች።

ትርንጎ አሥራ ሁለተኛን ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆና ጨረሰች። የወላጆች በዓል ደረሰ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ሞንታርቦው ተሰቀለ፣ አርባ ሺህ ሰው ተሰበሰበ። ከተማው ስምንት ሺህ ሰው ብቻ ነው ያለው ትሉኝ ይሆናል፤ የቀረው ከየት እንደመጣ እኔም ገርሞኛል። አቶ ሸዋንግዛው በዚያው ሙሉ ልብሳቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ይታይሽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢውን ረግጣ ከኋላ ቆማለች። አባትየው እንደ ወትሮው ከአጥሩ ውጭ ነው።

አቶ ሰጥአርገው መድረኩ ላይ ሲወጡ የቀኝ ጫማቸው ሶል እንደ አዞ አፍ ተከፈተ። በጆሮዬ ነገሩኝ፤ ጫማውን ይዤ ሮጥኩ። ጫማ ሰፊው ማስቲሹን ቀባ። እስኪይዝ ግን በሁለት እጅ ተጭኖ መቆየት ስላለበት፣ እንደተጫነው ራሱ ይዞት ገባና መድረኩ ስር ቆመ። ዳይሬክተሩ በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ሆነው ሽልማቱን ቀጠሉ።

«አንደኛ፣ ትርንጎ ደምለው።»

ወጣች፤ ጭብጨባው ድንኳኑን ከካስማው ነቀለው። መዝገበ ቃላቷን ተቀበለች።

«የትርንጎ አባት፣ አቶ ደምለው።»

«አቤት» አለ ጫማ ሰፊው።

ምን ያድርግ? በዚያ አጥር ስር አራት ዓመት ሲቀመጥ በስሙ የጠራው ሰው የለም። ሲጠራ አፉ ቀደመው። አቶ ሸዋንግዛው ግን አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ነበር። ሁለቱ ተያዩ።

«አንተን አይደለም» አሉ ዳይሬክተሩ። «በል ጫማውን ስጠኝና ዞር በል።»

ጫማውን በሁለት እጁ አቀበላቸው። «ደምለው እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። ማይኩ ክፍት ነበርና ሹክሹክታው በሞንታርቦው ወጥቶ ከተማውን ዳር እስከ ዳር አዳረሰው።

ከዚህ በኋላ እኔም አንቱ ልበላቸው። አራት ዓመት ሙሉ አንተ ብያቸዋለሁ።

አቶ ሸዋንግዛው ኮፍያቸውን አወለቁ። «እውነታቸውን ነው። እኔ ሸዋንግዛው እባላለሁ። ስሙ የሳቸው ነው፤ እመልሳለሁ።» እግራቸውን ከደረጃው አወረዱና፣ «አራቱን ዓመትስ ለማን ልመልስ?» አሉ።

ከኋላ ሰው ሲገፋ ተሰማ። ይታይሽ ናት። መድረኩ ስር ደረሰች፤ ያወጣችው ድምፅ እሷንም ሳያስደነግጣት አልቀረም። «የለበሰችው የኔን ዩኒፎርም ነው። ያወቀችውም እኔ ያስጠናኋትን ነው። ይህ አንደኛነት የኔ ነበር።» ተናግራ ሳትጨርስ አባቷን አየችና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«እርስዎስ?» አሉ ዳይሬክተሩ ወደ አቶ ደምለው ዞረው። ድምፃቸው ወርዷል።

«እኔ ምንም አላደረግሁም» አሉ አቶ ደምለው። «እንዳላወቅኋት ሆኜ ተቀመጥኩ እንጂ። እሱ ሥራ ከተባለ፣ ከባድ ሥራ ነበር።»

ያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ደፋ። መምህራኑም፣ ተማሪዎቹም፣ እኔም። ሰው አንገቱን ሲደፋ የሚያየው ጫማውን ነው። ጫማችንን አየን፤ የእሳቸው ስፌት የሌለበት ጫማ በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። አቶ ሰጥአርገው በአንድ እጃቸው ጫማ፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ ይዘው ቆሙ።

«ልጄ፣» አሏት ትርንጎን፣ «አንቺው ንገሪኝ። ለማን ልስጠው?»

ልጅቷ ታለቅሳለች። ልትጠርግ እጇን ወደ አፍንጫዋ አነሣች። መሃል ላይ ስትደርስ አባቷን አየችና እጇ ቆመ፤ ቀስ ብላ አወረደችው። ሳትጠርግ ቀረች።

«ለማን እንደሚገባ አላውቅም» አለች። «ለኔ እንዳልሆነ ብቻ ነው የማውቀው።»

ዝናቡም ያን ጊዜ ጣለ። ጠብታው የዶሮ እንቁላል ያህላል። ድንኳኑ ተነቅሏል፤ መጠለያ የለም። አቶ ሸዋንግዛው ኮፍያቸውን እንዳወለቁ፣ ይታይሽ አፏን እንደሸፈነች፣ አቶ ደምለው ባዶ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመዋል። ጃንጥላው በዳይሬክተሩ እጅ ነው። አልከፈቱትም። ማንም ክፈቱት አላለም። ተነሥቶ የሄደም የለም፤ ሁላችንም ረጠብን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ሦስት ቦታ ተከፍሏል። አንዱ ወገን፣ ልጁ እንዳታፍር ብሎ በልጁ ፊት ባዕድ የሆነ አባት ይበልጣል ይላል። ሌላው ይነሣና፣ ዝምታማ ያፈረችውን ልጅ አስለመዳት እንጂ ምን አስተማራት፤ አልቀመጥም ብለው ቆመው የዋሉት ሰውዬ አባት ካልሆኑ ማን ነው አባት ይላል። ደግሞ ሌላው፣ እሳቸው የሰው ስም ለብሰው የሰው ወንበር ላይ አራት ዓመት ተቀምጠዋል፤ የራሷን ልብስ አውልቃ ያለበሰችውን እህቷን ረሳችኋት ወይ ይላል። ለዚህም መልስ አለው፤ ሰጥታ ሰው ፊት የቆጠረች ሰጠች ይባላል ወይ ይሉታል። በዚህ ነገር የተኳረፉ ጎረቤታሞች አሉ። ጃንጥላው አሁንም ዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አሥራ አንድ ዓመት አልተከፈተም። በየዓመቱ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ፤ ስጠርገው ቀና ብዬ አላየውም።

እንግዲህ ፍረዱ። አላውቃትም ብለው ዝም ላሉት፣ ልጄ ናት ብለው ለዋሹት፣ ጠቦኛል ብላ ለሰጠችው፤ ጃንጥላው ለማን ይገባል?

መልሳችሁን ከመስማቴ በፊት ግን አንዲት ትንሽ ነገር ልመን፤ ምያለሁና ጀምበሯ እንዳትቀርብኝ። ዝናቡን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። የሰዉ ሁሉ ፊት ረጥቦ ነበር፣ የኔም፤ በምን ረጠበ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ ብዬ ነው።